የመኝታ ባቡር ቲኬት ከመካከለኛ ሻጭ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ አንዴ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። የባቡር ድርጅቱ አይደሉም፤ መሃል ገብተው ቲኬት የሚሸጡት ናቸው። ድረ ገጻቸው ያምራል። መስኮት ዳር ተቀምጣ የምትስቅ ሴት ፎቶ አለ፤ ከጎኗ «ጥቂት አልጋ ብቻ ቀረ» የሚል ቀይ ጽሁፍ። ጥያቄ ስትልኩ ወዲያው ይመልሱላችኋል። እስክትከፍሉ ድረስ።

የጠየቅኳቸው ቀላል ነገር ነው። ማታ ተኝቼ ጠዋት የምደርስበት ጉዞ ይሁን፣ አልጋውም ታችኛው ይሁንልኝ። ላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ እንደማይቻል፣ ሌሊት ሽንት ቤት ለመሄድም በጨለማ መሰላል እየዳበሱ መውረድ እንዳለ የተጓዘ ያውቀዋል። ልጅቷም «መሃል ላይ አንዴ ባቡር ይቀይራሉ እንጂ ጉዞው አንድ ነው። አልጋዎ ታች ነው። ምንም አያስቡ» ብላ ጻፈችልኝ። ከፈልኩ። በስልኬ የመጣው ቲኬት ላይ የእነሱ ዓርማ ጎላ ብሎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ አንድ ቁጥር።

ንዴቴ በባቡር ላይ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ባቡር ደስ ይል ነበር። እግር እንደልብ ይዘረጋል። ሲሰለቻችሁ ተነስታችሁ ከፉርጎ ፉርጎ ትዘዋወራላችሁ። ከማታውቁት ሰው ጋር የተጀመረ ወሬ ብዙ ጣቢያ ያልፋል። ሰው ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ ያለውን ከ9,200 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሳምንት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው በባቡር የሚሄደው አውሮፕላን አጥቶ አይደለም።

ከዚያ ሜዳ ላይ ቆምን። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ ነው። ከፊት ሌላ ባቡር ሲመጣ አንዱ ወደ ጎን ባለው ማሳለፊያ ሐዲድ ገብቶ መጠበቅ አለበት። ትንሽ የዘገየ ባቡር ደግሞ ተራውን ያጣል፤ ተራውን ሲያጣ የባሰ ይዘገያል። የዕቃ ባቡር መጣ። ፉርጎው ማለቂያ የለውም። ኮንቴይነር፣ ኮንቴይነር፣ የነዳጅ ታንከር፣ አሁንም ኮንቴይነር። እሱ ካለፈ በኋላም አልተንቀሳቀስንም። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ረጅም መንገድ በባቡር ሲኬድ ያለ ነገር ነው።

መቀየሪያው ጣቢያ ስንደርስ የሌሊቱ ባቡር ሄዷል። አልደነገጥኩም። ጉዞው አንድ ነው ተብያለሁ። ቲኬቱ አንድ ከሆነ፣ ባቡሩ ዘግይቶ ቀጣዩ ሲያመልጣችሁ በሚቀጥለው እንዲያሳፍሯችሁ ትጠይቃላችሁ። ወደ ቲኬት መስኮቱ ሄድኩ።

ሰውዬው ስልኬን በመስታወቱ ሥር ተቀበለኝ። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ መታ። የለም። ደግሞ መታ። የለም። «ይሄ የሻጩ ቁጥር ነው፣ የእኛ አይደለም» አለ። ገጹን በጣቱ እየገፋ ታች ድረስ ወረደ። ከክፍያው ዝርዝር በታች፣ ፈዘዝ ባለ ግራጫ ደቃቅ ፊደል ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። አንዱን መታ። ሌላውን መታ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው።

«ሁለት ቲኬት ነው። ለየብቻ የተገዛ። የመጀመሪያው ዘገየ አልዘገየ ሁለተኛውን አይመለከተውም። ይሄኛው ተቃጥሏል።»

የምለው ጠፋኝ። እሱ ግን ሳልጠይቀው ጨመረበት።

«ደግሞም አልጋ አይደለም። ወንበር ነው።»

እንግዲህ ባቡሩን ብደርስበት ኖሮም ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው!

ደወልኩ። ያቺው ልጅ ናት። ስከፍል «እርስዎ» ነበርኩ፣ አሁን «አንቺ» ሆኛለሁ። «ባቡሩን የምንነዳው እኛ አይደለንም» አለችኝ። አልጋውስ? «አልጋ ከተገኘ ብለን ነው የነገርንሽ።» መልእክቷ እጄ ላይ አለ፤ «ከተገኘ» የሚል ነገር የለበትም። ስክሪንሹቱን እዚያው ላኩላት። አየችው። ከዚያ አጠገቧ ላለ ሰው «ባቡር ያመለጣት ናት» ስትል ሰማሁ፣ ተሳሳቁ። «ሌላ ጊዜ በአውሮፕላን ሂጂ» ብላ ዘጋችብኝ።

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ያ ሳቅ ነው። በማግስቱ ለሚነሳው ባቡር በመስኮቱ ዋጋ ሌላ ቲኬት ገዛሁ። ያደርኩት ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነው፤ ያውም ሰው ጋደም እንዳይል በየመሃሉ ብረት የተበየደበት። የትም ጣቢያ እነዚህን ብረቶች ያስገጠመው ሰው አንድ ሌሊት እዚያው ቢያድር ደስ ይለኛል።

ብልሃታቸው አዲስ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ይህንኑ በስሙ ጠርቶታል። መካከለኛ ሻጭ የተለያዩ ቲኬቶችን በራሱ አጣምሮ በአንድ ክፍያ ቢሸጥ፣ የተለያዩ መሆናቸውንም አስቀድሞ ባይናገር፣ መንገደኛው መቀየሪያው ላይ ባቡር ካመለጠው የከፈለውን በሙሉ ይመልስለታል፤ በላዩ ላይ 75 በመቶ ካሳ ይጨምርለታል። እኔ የሄድኩበት መስመር ግን ከዚያ ውጭ ነው። የሳቁትም ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

ለማንኛውም፣ ከመክፈላችሁ በፊት የባቡር ድርጅቱን የራሱን የቲኬት ቁጥር ጠይቁ። ሁለት ቁጥር ካለ ጉዞው አንድ ነው ወይ ብላችሁ በጽሁፍ አስመልሱ። የፉርጎና የአልጋ ቁጥር ያልተጻፈበትን «አልጋ» እርሱት። ከተቻለ ከድርጅቱ ከራሱ ግዙ።

የሻጮቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ልትገዙ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ከነስክሪንሹቱ እልክላችኋለሁ።