ዲዮኒሲያዬን ላተረፈልኝ አትክልተኛ

ሰላም የሊድስ ወገኖች! የመስታወት ቤት ኖሯችሁ ሁነኛ አትክልተኛ ላጣችሁ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። በዚያውም በአደባባይ ላመስግነው።

ጓሮዬ ካለችው ትንሽ የመስታወት ቤት ውስጥ ዲዮኒሲያ የሚባል የተራራ አበባ አለኝ። የትውልድ አገሩ ሰሜን ኢራን፣ የአልቦርዝ ተራሮች ነው። ቋጥኝ ላይ ተለጥፎ ይነጠፋል እንጂ ሽቅብ አያድግም። ጸደይ ሲገባ ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ቢጫ በቢጫ ይሆናል። ብርዱን ይችለዋል። የማይችለው በብርዱ ወራት ቅጠሉ ላይ የሚቀመጠውን እርጥበት ነው።

ቀደም ሲል የመጣ ሌላ ሠራተኛ «እንዳይበርደው» ብሎ መስኮቱን ሁሉ ግጥም አድርጎ ዘግቶልኝ ሄደ። ብዙም አልቆየ፣ የተክሉ መሃል ቡናማ ሆነ። ግራጫ ሻጋታ!

ይሄኛው ልጅ አገር ቤት ዝዋይ ጽጌረዳ እርሻ የሠራ ነው። እንደገባ አበባውን ትቶ ጣሪያውን አየ። «እትዬ፣ ለዚህ ተክል መስታወቱ ጃንጥላ እንጂ ምድጃ አይደለም እኮ» አለኝና መስኮቱን በሙሉ ከፈተ፤ ትንሽ ፋንም ገጠመልኝ። ለንደን፣ ኪው ጋርደንስ የሚባለው የእጽዋት መናፈሻ ውስጥ ያለውን በ2006 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የተራራ ተክሎች ቤት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እዚያ ቀዝቃዛ አየር ከመሬት በታች እየመጣ ነው ተክሎቹ ላይ የሚነፍሰው። እኔ በፋኗ ተብቃቅቻለሁ።

የሸክላ መትከያዎቹን እስከ አፋቸው አሸዋ ውስጥ ቀበራቸው። ውሃ የሚጠጣው አሸዋው ነው፤ ሸክላው ከዚያ ቀስ እያለ ይስባል፣ ቅጠሉ ጠብታ አይነካውም። ቀጥሎ ከኪሱ ወረንጦ አወጣ። ተንበርክኮ የደረቀውን አበባ አንድ በአንድ ለቀመ፤ ሻጋታው የሚነሳው ከዚያ ነው አለኝ። የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ። ከጤነኛው ዳር ደግሞ ጥፍር የምታክል ቅንጣቢ እየወሰደ ደቃቅ ጠጠር ላይ ተከለልኝ። አብዛኞቹ ሥር ይዘዋል።

ሂሳቡ በሰዓት ነው፤ ዋጋውን ሳይነግራችሁ ሥራ አይጀምርም። ሳይጨርስ ሻይ እንኳ አይቀምስም፣ እኔን ያናደደኝ ይሄ ብቻ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሣር ለማሳጨድ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ፣ አይወድም። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።