ልጆቼንም ያስታወሰች ሲስተር

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፣ የደሴም የአካባቢዋም። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። ቢያስፈልጋችሁ እናንተም እንድታውቋት ብዬ ነው። የምትሠራው ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። የታመመችው ታናሽ እህቴ ናት፤ ይሄንን ጽሁፍም አንብባ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ከኮምቦልቻ መጥታ እኛ ጋ ሆና ነው የምትማረው። ሕመሟ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል። ይሄ ሕመም የያዘው ሰው መወፈርን ከመፍራቱ የተነሳ እየራበውም አይበላም። አጥንቱ እየታየ ራሱን ወፍራም አድርጎ ያያል። እኛ ቤት ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው ጾም ስለሸፈነው ነው። ረመዳንን ጾመች። ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጨመረች። ከዚያ የሰኞና የሐሙስ ጾም መጣ። ማን ይጠረጥራል? እናቴማ "አላህ ይቀበልሽ" እያለች ትመርቃት ነበር። ፀጉሯ ሲሳሳ፣ የወር አበባዋ ሲቀር፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ስትደርብ ደነገጥን። አንድ ቦታ ቫይታሚን ታዘዘላትና ወደ ቤት ተመለስን። ጎረቤት ደግሞ "ዓይን በልቷት ነው" አለ። በመጨረሻ ሪፈራል ስትታይ የልብ ምቷ በጣም ቀንሶ ስለነበር አስተኟት።

የማመሰግናትን ሲስተር ያገኘናት እዚያ ነው። ስለ እህቴ ሁሉም ሰው ይጠይቀን ነበር፤ ስለ ክብደቷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ። ይቺ ሲስተር ግን "ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ?" አለችኝ። አሉ አልኳት። "ምን ነገራችኋቸው?" አለች። ምንም አልነገርናቸውም ነበር። አልተቆጣችኝም። "አብሽሪ፣ አምጫቸው፣ አብረን እናወራቸዋለን" አለችኝ።

ወንዱ 9፣ ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። አክስታቸውን ከእኔ በላይ ይወዷታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ወሰድኳቸው። ሲስተር ነጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጠቻቸው፤ ከእነሱ ጋር አጭር አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው ማስረዳት አልጀመረችም። "አክስታችሁ ምን የሆነች ይመስላችኋል?" ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ነው እናት ሆኜ የማላውቀውን የሰማሁት። ትንሿ "ጉርሻዬን አልቀበልም ስላለች ተቀይማኛለች" አለች። ጉርሻ እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ልጅ በእጇ ጠቅልላ ስታቀርብ አፍ ካልተከፈተላት ሌላ ምን ታስብ? ወንዱ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ "በዒድ ጊዜ 'ወፍራም' ብያት ነበር፣ በእኔ ምክንያት ነው" አለ። ያንን ሁሉ ወር ይህንን ሆዱ ውስጥ ይዞት ነበር፤ ሲናገር አገጩ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ሲስተር ለእሱ የሰጠችው መልስ እስከዛሬ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። "ይሄ በሽታ በአንድ ሰው ንግግር አይመጣም። ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው የሚመጣው፤ በዘር የሚወረስ ነገር አለው፣ ጠባይ አለው፣ ጭንቀት አለው። አንተ አላመጣኸውም። ማዳኑም የአንተ ሥራ አይደለም፣ የእኛ ነው።" ለትንሿም "አልቀበልም ያለሽ በሽታው ነው። አክስትሽ ትወድሻለች" አለቻት። ከዚያ ሁለት ነገር አሳለቻቸው፤ አክስታቸውንና በሽታውን፣ ለየብቻ። ልጄ በሽታውን ጥቁር ደመና አድርጋ ሳለችው። አሁን ቤት ውስጥ አክስቷ ምግብ ስትገፋ "ያ ደመናው ነው" ትላለች እንጂ አታኮርፍም።

ወንዱ ሌላም ጥያቄ ነበረው። "ትሞታለች?" አለ። እኔ ልከለክለው ስል ሲስተር በእጇ አቆመችኝ። አልዋሸችውም። "ከባድ ሕመም ነው፣ ሰው ሊሞትበት ይችላል፤ ለዚህ ነው ሐኪም ጋ የመጣችው። ብዙ ሰው ይድናል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል" አለችው። "ታዲያ ለምን ብዙ አታበሏትም?" አለ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ከገባበት በደሙ ውስጥ ያሉ እንደ ፎስፌትና ፖታሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በድንገት ይወርዳሉ፣ ይሄም ልብን ይጎዳል። ለዚህ ነው በጥቂት በጥቂቱ፣ ደም እየታየ የሚጨመረው። ይሄንን እሷ ለ9 ዓመት ልጅ በሚገባው አነጋገር ነገረችው። እውነቱን ለመናገር እኔም የገባኝ ያኔ ነው።

ሥራቸው ያልሆነውንም ነገረቻቸው። የአክስታቸውን ጉርሻ አይቆጥሩም። በላች አልበላች ብለው ለእኔ ወሬ አያመጡም። ትሪ ላይ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኳስ ያውሩ እንጂ ስለ ምግብ አያውሩ። ሥራቸው ከአክስታቸው ጋር መጫወት ነው፣ እንደ ድሮው።

ለእኛ ለትልልቆቹ የነገረችን ግን ከበድ ይላል። እኛ ወሎዎች እንግዳ ስንቀበል "ወፈርሽ፣ አማረብሽ" እንላለን፣ ደግ ቃል ነው። ከዚህ ሕመም እያገገመች ላለች ልጅ ግን "ወፈርሽ" መባል ያስፈራታል፣ ወደኋላም ይመልሳታል። ስለዚህ ለቡና የሚመጣን ጎረቤት ሁሉ በር ላይ መጥቼ ስለ ሰውነቷ እንዳያነሱባት እለምናለሁ። ቅር ያለው የለም፤ ወላሂ ሁሉም ተረድቶናል። ትንሿ ልጄ አክስቷን አይታ እንጀራዋን ማስተረፍ ጀምራ ነበር፤ ያንንም ለሲስተር ነግሬያታለሁ። "አታስፈራሪያት፣ ከእናንተ ጋር በሰዓቱ ትብላ፣ ከቀጠለ አምጫት" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ተወችው።

ጾሙን በተመለከተ እናቴ ተጨንቃ ነበር። የታመመ ሰው እንዳይጾም ቁርኣኑም እንደሚፈቅድ ቀድሞም ታውቃለች፤ ግን ሲስተር "ሼኻችሁንም አማክሩ" ስትል ልቧ አረፈ። ዱዓውም አልቀረም፣ ሕክምናውም አልቀረም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጸበል አምጥተውልናል፤ ሲስተር እሱንም አልተቃወመችም፣ ብቻ "ቀጠሮውንና ምግቡን እንዳያስቀር" አለች።

እህቴ አሁን ተመላላሽ ናት። ድናለች አልልም። ምግቧን ከእኛ ጋር ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትታገላለች።

እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ካለ፣ ወይ ከጠረጠራችሁ፣ አትደብቁ። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት ወይ የልብ ምቷ ከተረበሸ፣ ውሃም እምቢ ካለች፣ ስለ መሞት ካወራች ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ሕክምናው ስትጀምሩ ደግሞ "ልጆች አሉን፣ እነሱንም ታናግሩልናላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ስትደርሱ፣ ልጆች ይዘው የመጡ ቤተሰቦችን የምታናግረዋ ሲስተር የት ናት በሉ፣ ያሳዩአችኋል። ልጆቻችሁ የሚጠይቁትን ቀድማችሁ ጻፉት፤ እዚያ ስትደርሱ ይጠፋባችኋል።

ሲስተርዬ፣ ልጄ አንገቱን ቀና ያደረገው በአንቺ ነው። አላህ ውለታሽን ይክፈልልኝ፤ ልጆችሽን በሰላም ያሳድግልሽ።