የኦፔራ ሳይድባር፦ ለቻት እጅግ ይመቻል፣ ለፊድ ግን ይጠባል

ኦፔራ ብራውዘር ላይ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ሜሴንጀርና ኢንስታግራም በግራ ጠርዝ ባለው ሳይድባር ተደርድረው ይገኛሉ። አንዱን ሲጫኑት ከሚያነቡት ገጽ ጎን ጠባብ ፓነል ይከፈታል፤ ታብ ሳይቀይሩ መልእክት ያነባሉ፣ መልስ ይሰጣሉ። ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ውሎ በመሃል ከሰው ጋር መጻጻፍ ያለበት ሰው ይህን ብራውዘር ቢይዝ አይቆጨውም። ልጥፍ ለማየት ብቻ ለሚፈልገው ግን የሚጨምርለት ነገር የለም።

ማኅበራዊ ሚዲያን ከብራውዘር ጋር የማጣመር ሐሳብ የቆየ ነው። ፍሎክ የተባለው ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በሞዚላ (የፋየርፎክስ ሠሪ) ኮድ ላይ ተመሥርቶ ብቅ ያለ ሲሆን፣ በ2011 የጌም ኩባንያው ዚንጋ ገዝቶት በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሮክሜልት የተባለው ሌላ ብራውዘር በ2010 መጨረሻ የጉግል ክሮም መሠረት በሆነው በክሮሚየም ላይ ተሠርቶ መጣ፤ መጀመሪያ ላይ በፌስቡክ አካውንት ካልገቡ አይሠራም ነበር፤ ጓደኞችን በግራ፣ ልጥፎችን በቀኝ ጠርዝ ይደረድራል። እሱንም በ2013 ያሁ ገዛውና ብራውዘሩ ቀረ። ሁለቱም የሚጋሩት ድክመት ነበራቸው፦ መረጃውን ከየኔትወርኩ በኤፒአይ (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት በር) እየሳቡ በራሳቸው መልክ ያሳዩ ስለነበር፣ ኔትወርኩ አሠራሩን በቀየረ ቁጥር እነሱም ተከትለው መጠገን ነበረባቸው። ኦፔራ በ2017 ሜሴንጀርን፣ ዋትስአፕንና ቴሌግራምን ሲያስገባ የመረጠው መንገድ የተለየ ነው። ፓነሉ ውስጥ የሚከፈተው የአገልግሎቱ የራሱ ድረ ገጽ ነው። የሳይድባሩ ጥንካሬም ሆነ ከዚህ በታች የምናነሳቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ሳይድባሩ ግርጌ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫኑ የአገልግሎቶቹ ዝርዝር ይመጣል፤ የሚጠቀሙበትን ብቻ ምልክት ያድርጉ፣ ሌላውን ያጥፉ። ዋትስአፕን ለማገናኘት በስልክዎ ዋትስአፕ ውስጥ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ፓነሉ ላይ የሚታየውን ኪውአር ኮድ ያንሡ። ካሜራው ኮዱን አልይዝ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፓነሉ ጠቦ ኮዱ ስላነሰ ወይም ኮዱ ጊዜው ስላለፈበት ነው፤ ፓነሉን ያስፉት፣ ካልሆነ እንደገና ይጫኑት። አንድ የዋትስአፕ አካውንት ከስልኩ ሌላ እስከ 4 መሣሪያ ድረስ ይይዛል። ስልኩ ቢዘጋም ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩ ላይ ያለው ዋትስአፕ ከ14 ቀን በላይ ሳይከፈት ከቆየ ግንኙነቱ ይቋረጥና ኮዱን እንደገና ማንሳት ግድ ይላል። ቴሌግራምም በዚሁ መንገድ ከሴቲንጉ «ዲቫይስስ» ገጽ ይገናኛል። የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ካለዎት ያዘጋጁት፣ ይጠይቅዎታል። ሲክሬት ቻቶችን (የቴሌግራምን ምስጢራዊ ውይይቶች) እዚህ አይፈልጓቸው፤ የተጀመሩበት ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚኖሩት።

የሳይድባሩን ጥቅም የሚወስነው ፒኑ፣ ማለትም ፓነሉን ከገጹ ጎን የሚያስይዘው የመርፌ ምልክት ነው። ፒን ሳይደረግ ፓነሉ ገጹን ሸፍኖት ይቆማል፤ ፒን ሲያደርጉት ግን ገጹ ይጠብለትና ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ችግሩ ትንሽ ስክሪን ላይ ነው። 1366 ፒክሰል ስፋት ባለው ላፕቶፕ ፓነሉ 400 ፒክሰል ቢወስድ ለገጹ የሚተርፈው 966 ነው። ብዙ ድረ ገጾች በዚህ ስፋት ታብሌት ላይ ያሉ ይመስላቸውና ሜኑአቸውን ይደብቃሉ፣ ዓምዶቻቸውን ያጥፋሉ። መፍትሔው ገጹን በኮንትሮልና በመቀነስ ምልክት ወደ 80 በመቶ ማሳነስ ነው፤ ያን ጊዜ ገጹ ያለውን ስፋት 1207 ፒክሰል ገደማ አድርጎ ስለሚቆጥረው ሙሉ መልኩን ይመልሳል። ብራውዘሩ ይህን የዙም ልክ ለየድረ ገጹ ያስታውሳል። 1920 ፒክሰል ስክሪን ላለው ይህ ሁሉ አያሳስበውም።

ፒን ከተደረገ በኋላ ደስ የሚለው ነገር ምስልን ከገጹ በማውስ ጎትቶ ቻቱ ላይ መጣል ነው። ዳውንሎድ አድርጎ፣ ፎልደር ፈልጎ፣ አያይዞ መላክ ይቀራል። የገጹን ፎቶ የሚያነሳው ስናፕሾትም እንደዚሁ ነው፦ የካሜራውን ምልክት ይጫኑ፣ የሚፈልጉትን ክፍል ይምረጡ፣ ቀስት ወይም ጽሑፍ ያክሉበት፣ ኮፒ አድርገው ፓነሉ ላይ ይለጥፉ። ሰነድ እየተመለከቱ «ይቺን መስመር አስተካክላት» የሚባባሉ የሥራ ባልደረቦች ይህን አንዴ ከለመዱ ሌላ ብራውዘር ላይ እጃቸው ይታሰራል።

ፊድ (ተከታትለው የሚመጡት ልጥፎች) ላይ ስንመጣ ግምገማችን ይቀየራል። ኢንስታግራም ፓነሉ ውስጥ በስልክ መልክ ስለሚቀርብ ምስሉ ትንሽ ነው፣ አስተያየቶቹም በጠባቡ መስመር ይቆራረጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ፊዱ ሁልጊዜ ዓይን ሥር መሆኑ ነው። ሥራዎን የሚወዱ ከሆነ ሳይድባሩ ላይ ቻት ብቻ ይተዉ፤ ልጥፍ ማየት ሲያሰኝዎ በታብ ይክፈቱት።

አሁን ብዙ ሰው የሚያማርርባቸውን ነገሮች እንይ። አንደኛው ራም ነው። የተከፈተ ፓነል ሁሉ እንደ አንድ ታብ የራሱ ፕሮሰስ አለው፤ ቢደበቅም መልእክት ለመቀበል መሥራቱን አያቆምም። ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ የሚመጣው የብራውዘሩ ታስክ ማናጀር የትኛው ምን ያህል እንደሚወስድ ለይቶ ያሳያል። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ከሁለት ፓነል በላይ ማብራት አንመክርም።

ሁለተኛው «በራሱ ሎግ አውት አደረገኝ» የሚለው ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ኩኪ (ድረ ገጹ እርስዎን ለማስታወስ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) መጥፋቱ ነው። ፓነሉ ድረ ገጽ ስለሆነ መግቢያውን የሚያስታውሰው ኩኪና ብራውዘሩ ውስጥ በሚያስቀምጠው ዳታ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት ተጭነው ሲያጸዱ የኩኪውን ሳጥን ከነኩት ሁሉም ይወጣሉ፤ ካሽ (ገጽ ቶሎ እንዲከፈት የሚቀመጥ ጊዜያዊ ፋይል) እና ታሪክ ብቻ ማጽዳት በቂ ነው። ብራውዘሩ ሲዘጋ ዳታ የሚያጠፋ ሴቲንግ ወይም የጽዳት ፕሮግራም ካለም ውጤቱ ያው ነው።

ኖቲፊኬሽን አልመጣ ካለ ሦስት ቦታ በቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ የመልእክት አገልግሎቱን ሴቲንግ፣ ብራውዘሩ ለዚያ ድረ ገጽ የሰጠውን ፈቃድ፣ ከዚያም የኮምፒውተሩን «ዱ ኖት ዲስተርብ»። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው። ከኦፔራ ጋር የሚመጣው ቪፒኤንም አንዳንዴ ያስቸግራል፤ ሲያበሩት የኢንተርኔት አድራሻዎ ስለሚቀየር አገልግሎቱ «ከማላውቀው ቦታ ገብተዋል» ብሎ ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። ያ ቪፒኤን የሚሸፍነው የብራውዘሩን ትራፊክ ብቻ መሆኑንም ይወቁ።

ስለ ግላዊነት አንድ ነገር በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ፓነሉና ታቦቹ ኩኪ ይጋራሉ። ፓነሉ ላይ ሜሴንጀር ከገቡ ታቦቹም እንደገቡ ያውቃሉ፤ የፌስቡክ ቁልፍ ያለበትን ሌላ ድረ ገጽ ሲከፍቱ ማን እንደሆኑ ሊታወቅ ይችላል። ስለዚህ የማስታወቂያ ማገጃውን ብቻ ሳይሆን የትራከር (ከድረ ገጽ ድረ ገጽ የሚከታተልዎ ኮድ) ማገጃውንም ያብሩ። ሌላ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፓነሉን መዝጋት መውጣት አይደለም። ከአገልግሎቱ ራሱ ሎግ አውት ያድርጉ፤ ከረሱ ከስልክዎ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ገብተው ይሰርዙት።

ኦፔራ በደረደራቸው አገልግሎቶች መወሰን የማይፈልግ ሰው ቪቫልዲን ይሞክር። የኦፔራ መሥራች ከነበሩት አንዱ በሆነው ጆን ፎን ቴችነር የተጀመረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በ2016 ወጣ። እዚያ የመደመር ምልክቱን ተጭነው የፈለጉትን አድራሻ ፓነል ያደርጋሉ፤ በስልክ መልክ ይታይ ወይስ በዴስክቶፕ የሚለውንም ለየፓነሉ ይመርጣሉ፣ ሁሉንም በኤፍ 4 ይደብቃሉ። ማስቶዶን የተባለውን በብዙ ሰርቨሮች የተከፋፈለ ማኅበራዊ ኔትወርክ ለሚጠቀሙ ደግሞ ቪቫልዲ ከ2022 ጀምሮ የራሱ ሰርቨር አለው። ሴቲንጉ ብዙ ስለሆነ ለጀማሪ ከኦፔራ ይከብዳል፤ ከሁለት በላይ ኔትወርክ በሥራው የሚከታተል ሰው ግን አንድ ከሰዓት ሰጥቶ ቢያስተካክለው ድካሙን ይክሰዋል።