የግቢዬ ጋራዥ ከዓመት በኋላ፦ ምኑ ረባ፣ ምኑ ጥግ ያዘ

ቱሉ ዲምቱ ግቢዬ ውስጥ የሠራኋትን ጋራዥ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ሠርቼባታለሁ። ያያት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ፈጀ?» ነው። ብሩን ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም። የሲሚንቶና የብረትን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ የጠራሁት ዋጋ ለወር አይቆይም። የሚጠቅማችሁ የትኛው ወጪ ራሱን እንደመለሰ፣ የትኛው ደግሞ አቧራ ለብሶ ጥግ እንደያዘ ነው። ለቸኮለ ሰው በአጭሩ፦ ግማሹን ገንዘብ የበላው ወለሉ ነው፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመሩና መብራቱ። ዕቃ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ የያዝኳት ቪትዝ ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ መለዋወጫው ጣሪያ ነካ። ያለችውን አክሞ መያዝ ግድ ሆነ። ዘይት ለማስቀየር ግማሽ ቀን ጋራዥ በር ላይ መገተሩም ሰልችቶኝ ነበር። ትልልቁን ሥራ፣ ካምቢዮ ማውረድና ሞተር መክፈትን፣ ዛሬም ለባለሙያ ነው የምሰጠው።

ወለሉ ላይ ቆየት ልበል። የእኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ ኮንክሪት ዝም ብሎ ከተፈሰሰ ሳይቆይ መሀሉ ይነሳል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ክሪክና ስታንድ የሚቆምበት ወለል ደግሞ መዛባት የለበትም። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር እስከ ወገብ ተቆፍሮ ወጣና ገረጋንቲ ገባ፤ ገረጋንቲውም በአንዴ ተደፍቶ ሳይሆን በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በኪራይ ማሽን እየተጠቀጠቀ ነው የሞላው። በላዩ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ 8 ሚሊ ፌሮ በ20 ሳንቲም ልዩነት ታስሮ 15 ሳንቲም ኮንክሪት። ግንበኛው «ለቪትዝ ይሄ ሁሉ? ድልድይ ነው እንዴ የምታሠራው?» ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ። ወለሉን ከግድግዳው ጋር አላያያዝነውም፤ ዙሪያውን ቀጭን ክፍተት ስላለው አፈሩ ትንሽ ቢነሳም ቢወርድም ግድግዳውን ይዞ አይሄድም። እርጥብ ጆንያ አልብሰን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣነው። ኮንክሪት ጉልበቱን የሚይዘው በ28 ቀኑ ገደማ ስለሆነ እስከዚያ መኪና አልገባበትም። ክረምቱ አልፎ ያየሁት ጉዳት በሩ ጋ ያለች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብቻ ናት።

ቅሬታዬ ሊሾው ላይ ነው። ያምራል፣ ለመጥረግም ይቀላል፣ ዘይት ጠብ ያለበት ቀን ግን ያንሸራትታል። አሁን አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ከእንጨት ቤት አምጥቼ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ፣ ዘይት በፈሰሰ ቁጥር በተን አድርጌ እጠርገዋለሁ። ለምትሠሩ ሰዎች ምክሬ፣ ሊሾውን ተዉትና ኮንክሪቱ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሸካራ ይደረግ። ወደ በሩም ትንሽ ተዳፋት ይኑረው።

«ጉድጓድ ለምን አልቆፈርክም?» የሚሉኝ አሉ። መኪና ሥር ቆሞ መሥራት ደስ ይላል፣ አልክድም። ነገር ግን ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳውን አፈሩ ይገፋዋል፣ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የቤንዚን ትነት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ሄዶ የሚተኛው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለግቢ ጋራዥ አይመከርም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። ቆጣሪው የውጭ በር ላይ ነው፣ ጋራዡ ከቤቱ ጀርባ፣ መሀላቸው 30 ሜትር ገደማ። ኤሌክትሪሺያኑ በ2.5 ሽቦ (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር) ሊስብልኝ ነበር። ለአምፖል ይበቃል፣ ለሞተር ግን አይሆንም። 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ኮምፕሬሰር (አየር መጭመቂያ) ሲሠራ ወደ 9 አምፔር ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን የዚያን አምስት እጥፍ ይስባል። በዚያ ርቀት በ2.5 ሽቦ 20 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ሽቦ ከ10 ቮልት በታች ነው። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ማታ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ራሱ ይወርዳል፣ በእሱ ላይ ሌላ 20 ቢቀነስ ሞተሩ እምምም ብሎ ይቀራል፣ ከቆየ ይቃጠላል። ባለ 6 አስገባሁ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ለብቻው የመሬት ሽቦ ከነዘንጉ። እርጥብ ወለል ላይ ግራይንደር ይዞ ለሚቆም ሰው የመሬት ሽቦ ቅንጦት አይደለም።

ኮምፕሬሰሩ ራሱስ? እሱ ነው ጥግ የያዘው። ባለ 50 ሊትር ነው፣ እስከ 8 ባር ይሞላል፣ ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል። እኛ ያለነው ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየራችን በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት አይሞላም። በአየር የሚሠራ ኢምፓክት (ዳዶ መፍቻ ማሽን) ስትሰኩበት ሁለት ዳዶ ፈትቶ ታንኩ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሰው ሁሉ ኮምፕሬሰር ሲያይ የሚያምረው የፍሬን አቧራ ማራገፍ ነው፤ እሱ ደግሞ በጭራሽ አይደረግም። የድሮ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ አለ፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠረገው። ለጎማ አየር ከመኪናዋ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ ትበቃለች። ቀለም የማትቀቡ ከሆነ ኮምፕሬሰር አትግዙ።

በእሱ ፋንታ ባትሪ ያለው ኢምፓክት። የቻይና ነው፣ የተጻፈበትን የጉልበት ቁጥር አላምነውም፣ ግን ጎማ ይፈታል፣ የዛገ ቡሎን ያላቅቃል፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ማጥበቅ ግን በእሱ አይሆንም። የቪትዝ የጎማ ዳዶ የሚጠብቀው 103 ኒውተን ሜትር ላይ ነው፣ የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ የቶርክ ቁልፍ። ጎሚስታዎቻችን ከረጅም ቧንቧ ጋር እየዘለሉበት የሚያጠብቁትን ዳዶ መንገድ ላይ በእጅ ለመፍታት የሞከረ ሰው ያውቀዋል። በዚህ ዓመት የገዛሁት ምርጥ ዕቃ የቱ ነው ብትሉኝ የቶርክ ቁልፉን ነው የምጠራው።

ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚገባውን የቁልፍ ራስ) ስትገዙ ውስጡን እዩት። ስድስት ማዕዘን ያለውን ውሰዱ፣ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ላይ ይንሸራተትና ጠርዙን ይበላዋል። ላዩ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ መጻፉ ምንም ማለት አይደለም፣ የሚጽፈው ሁሉ ይጽፈዋል። እኔ መርካቶ ዞሬ ያገለገለ የጃፓን ስብስብ አገኘሁ፣ ሁለት ቁጥር ይጎድለዋል፣ ከአዲሱ ፌክ ግን አሥር እጅ ይሻላል። ለቶዮታ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ካላችሁ አብዛኛው ሥራ ይሠራል።

ክሪኩ ባለ 3 ቶን ነው። በስምንተኛው ወር አካባቢ መኪናዋን አንስቶ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። የውስጥ ጎሚኒው አልቆ ነበር፣ ተቀየረ፣ ዳነ። ለዚህ ነው ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም የሚባለው። ከመኪና ሥር የምገባው ስታንዶቹ ላይ ካረፈች በኋላ፣ በትከሻዬ ገፋ ገፋ አድርጌ ከሞከርኳት በኋላ ነው። የወረደውን ጎማም ከጎኗ ሥር አጋድመዋለሁ።

መብራቱን በተመለከተ ሁሉም ሰው ኮርኒስ ላይ ይሰቅላል። ኮፈኑ ሲከፈት ያንን ብርሃን ይጋርደዋል፣ ሞተሩ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ረጃጅም ኤልኢዲዎችን ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ በደረት ቁመት አሠራሁ፣ ብርሃኑ ከጎን ይገባል፣ ጎማ ቤት ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ርካሽ ነገር ነው፣ ለውጡ ግን ትልቅ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በረዶ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፣ እሱን ለምደነዋል። ያልጠበቅኩት ኅዳር ላይ መጣ። ማታ ብርዱ ሲጠና ቆርቆሮው ከሥር ያልበዋል፣ ጠዋት ባንኮው ላይ ጠብታ ተደርድሮ ታገኛላችሁ፣ ሞርሳው በሳምንት ዝገት ያወጣል። ኮርኒስ ተሠራ፣ ግድግዳው ጫፍ ላይም ወንፊት ያለው የአየር መውጫ ተከፈተ። አሁን ደህና ነው። ዕቃውን ግን እስካሁን በዘይት ጨርቅ አብሼ ነው የማስቀምጠው። ከአየር ጋር ሳንላቀቅ፣ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሳት አይታሰብም። ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሩ የሚባለው በምን ምክንያት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ይሄም ያው ጋዝ ነው፣ አይሸትም።

በቅርቡ የሠራሁትን አንድ ሥራ ልንገራችሁ። የኋላውን ፍሬን ሸራ ልቀይር ታምቡሩ፣ ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት፣ አልወጣ አለ። ዝገት ከመሀሉ ጋር አጣብቆታል። የተለመደው መፍትሔ መዶሻ ነው፣ ዙሪያውን ይደበደብና ወይ ይወጣል ወይ ይሰነጠቃል። ግን ታምቡሩን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ፊቱ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ብዙ ሰው ለምን እንደተተዉ አያውቅም። 8 ሚሊ ቡሎን በሁለቱም አስገብታችሁ፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ቡሎኖቹ ከኋላ ያለውን ብረት እየገፉ ታምቡሩን ወደ ውጭ ያመጡታል። ጠቅ አለና ወጣ። የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ እንዳትረሱ ብቻ።

ስለ ስካነር፣ የመኪናዋን የብልሽት ኮድ ስለሚያነበው ዕቃ፣ ለምትጠይቁኝ፣ ስልክ ላይ በብሉቱዝ የምትገናኘዋ ትንሿ ትበቃለች። ኮዱ ግን ፍርድ አይደለም። ፒ 0171 ሲመጣ ሰው ወዲያው ኦክስጅን ሴንሰር ይቀይራል። ኮዱ የሚለው ድብልቁ አየር በዝቶበታል ነው። የእኔዋ ላይ ጥፋተኛው የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ ነበረች፣ ዋጋዋ የምሳ ብር።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ጉዳይ። ጋራዥ ካላችሁ ጎረቤት አላችሁ። ከፊት ለፊት ያሉት ጋሼ ዲኤክሳቸውን እያስጓሩ ይመጡና «ልጄ፣ አንዴ ጎንበስ ብለህ እያት» ይላሉ። አንዴ የተባለው ቅዳሜዬን ይበላል። «ጋሼ፣ ይቺ መካኒክ ትፈልጋለች» ስላቸው «መካኒክማ ሰባት አሳየሁ፣ አንተ ግን አትዋሽም» አሉኝ። ምን ይባላል? እትዬ ደግሞ ቡናውን ከነቁርሱ ይልካሉ። ብር አልቀበልም። አንዴ ከተጀመረ ንግድ ነው፣ ንግድ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል፣ የሰው መኪና ፍሬን ኃላፊነቱም ከባድ ነው። እሑድ ጠዋት ግራይንደር አላስነሳም፣ ሰፈሩም በዚያ ይታረቀኛል።

የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመዋለሁ። ቱቦ ውስጥ የሚደፉት አሉ፣ ወንዝ ነው የሚገባው። ሰፈራችን የማያልቅ ግንባታ ስላለ የኮንክሪት ሳንቃ የሚቀቡበት ሠራተኞች ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል።

«ሁሉም ኤሌክትሪክ እየሆነ ጋራዥ ምን ይሠራል?» ላላችሁኝ፣ ወንድሜ በቅርቡ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል፣ እዚሁ ነው የሚመጣው። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም። ፍሬን፣ ጎማ፣ የእግር ክፍሎችና ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን አሉ፣ እነሱን በነዚሁ ዕቃዎች ነው የምንሠራው። ብርቱካናማ ገመዶቹን አንነካም፣ ከፍተኛ ቮልት የሚሄደው በነሱ ነው። ያ ባለ 6 ወፍራም መስመር አሁን የሚበዛውን ሥራ የሚሠራው ለወንድሜ መኪና ነው። ከሶኬት በ10 አምፔር ይሞላል፣ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ግማሽ ይደርሳል። ከፍ ያለ ቻርጀር ለመትከል የቆጣሪውን አቅም ማሳደግ ስለሚጠይቅ ለጊዜው ትተነዋል።