የኤሌክትሪክ መኪናዬ ጭሱን የት ነው የምታጨሰው?

ከቻይና የመጣች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የምነዳው። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ መንገዱ በእንዲህ ዓይነቶቹ ተሞልቷል፣ ስለዚህ ስለ መቀመጫና ስለ ስክሪን አላደክማችሁም። ሁሌ የምጠየቀውን ልመልስ፦ "እውነት አትበክልም፣ ወይስ ጭሱን ሌላ ቦታ ነው የምታጨሰው?"

እንግዲህ መብራቱ ከየት እንደመጣ ነው የሚወስነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና 16 ኪሎ ለቀቀች ማለት ነው። የእኔዋ ለዚያው መንገድ 15 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ትፈልጋለች። መብራቱ ከድንጋይ ከሰል ቢሆን ኖሮ በኪሎ ዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ይለቀቃል፣ እና ያው 15 ኪሎ። ምን ተረፈ ታዲያ? ደቡብ አፍሪካ ቢሆን፣ አብዛኛው መብራት ከከሰል ስለሆነ፣ "የከሰል መኪና" ብሎ መቀለድ ያስኬዳል።

እዚህ አያስኬድም። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው፦ ጊቤ፣ በለስ፣ ተከዜ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋቱ ህዳሴም አለ። የቀረውም ቢሆን በአብዛኛው የእነ አዳማና አሸጎዳ ነፋስ ነው። የፈረንጅ ቪዲዮ እየላካችሁ የምትከራከሩኝ ወዳጆቼ፣ ክርክሩ የሌላ አገር ነው።

ንጹሕ ናት ብዬ ግን አልምልም። ባትሪዋ የተሠራው ከሰል በሚያነድ አገር ስለሆነ ገና ሳትነዳ የካርቦን ዕዳ አለባት፣ ዕዳውን የምትከፍለው ስትነዳ ነው፤ ቆማ የምትውል ከሆነ ምንም አልከፈለችም። የጎማ ብናኝም አለ፣ በባትሪው ምክንያት ከባድ ናትና።

በጣም የሚያናድደኝ ጀነሬተር ነው። መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ጀነሬተር ቻርጅ የሚያደርጉ ቦታዎች አሉ፣ አንዱ ጋ ተሰልፌ ጭሱን ስምገው ቆይቻለሁ፣ ገንዘቡንም ከፍዬ። አንድ ሊትር ናፍጣ ከጀነሬተር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢሰጥ ነው፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር አቃጠላችሁ ማለት ነው። ያኔ የናፍጣ መኪና ነው የነዳችሁት፣ በሰልፍና በዙሪያ ጥምጥም!

አነዳዷ ግን ግሩም ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ የቤንዚን ሞተርን ትንፋሽ ያሳጥራል፣ እሷ ግድ የላትም። ከእንጦጦ ስትወርዱ ፍሬኑ ራሱ ባትሪውን ይሞላል። አዳማ ስሄድ ቁልቁለት ስለሆነ ባትሪው ቆጠብ ይላል፣ ስመለስ ግን ዳገቱ ይበላዋል፤ በፈጣን መንገዱ ላይ የምትበሩ ከሆነ ደግሞ ሻጩ የነገራችሁን ርቀት እርሱት።

ግቢ ኖሯችሁ ሌሊት ከቤት ሶኬት የምትሞሉ ከሆነ ግዟት። በአንድ ጊዜ የምትስበው ኃይል ከኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙም አይበልጥም፣ ብቻ የቤቱን ሽቦ መጀመሪያ በኤሌክትሪሻን አስፈትሹ። ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ግን፣ ታች የራሳችሁ ሶኬት ከሌለ፣ ለጊዜው አልመክርም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ጤንነት በማሽን ተለክቶ ወረቀቱን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።