መንገድ ከመሠራቱ በፊት፦ በእግር ማሰስ ወይስ ቆፍሮ ማየት?

አውራ ጎዳና ሊሠራ ሲል ከመሬቱ ሥር ያለው ቅርስ በምን ይታወቅ?

በእግር ማሰስ፦ ወጪው ትንሽ ነው፤ ገበሬውንም አያስቸግርም። ባለሙያዎቹ ተሰልፈው መሬት መሬቱን እያዩ ይሄዳሉ። ዝናብ ያጠበው አንድ ባልጩት ወይም የገል ስባሪ ብዙ ይናገራል። ደለል የቀበረውን ግን አያሳይም።

የሙከራ ጉድጓድ፦ ውድ ነው፤ ኤክስካቫተር ይፈልጋል፣ ሰብልም ያበላሻል። ግን የተቀበረውን በዓይን ያሳያል። በእንግሊዝ የኤ14 መንገድ ሲሠራ እስከ 250 አርኪዮሎጂስቶች ተሰማርተው ነበር። የሮማውያን ዘመን የሸክላ ምድጃዎችና ከሮማውያን በኋላ በእንግሊዝ የሰፈሩት የአንግሎ ሳክሰን ሕዝቦች መንደሮች ወጡ። ዶዘር ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ይሄ ሁሉ ድምጥማጡ ይጠፋ ነበር!

የመንገዱ መስመር ገና ካልተወሰነ፣ መሬቱም የታረሰ ወይም የተሸረሸረ ከሆነ በእግር ማሰስ ያዋጣል፤ መንገዱን ማዞርም ይቻላል። ደለል ያለበት ሜዳ ላይ፣ መስመሩም ካለቀለት፣ ጉድጓዱ የግድ ነው።