ደመራን ከልጅ ጋር፦ መስቀል አደባባይ ወይስ ሰፈር?

መስከረም 16 በደረሰ ቁጥር እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ይነሳል። ሁለቱንም ሞክረናል።

ድምቀት፦ አደባባዩን የሚያህል የለም። የሰንበት ተማሪዎች በነጭ ለብሰው ከበሮ ሲመቱ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ሲመሽ ሜዳው በጧፍ ሲሞላ ያየ ልጅ አይረሳውም። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበውም ያለ ነገር አይደለም።

ድካም፦ መንገድ ስለሚዘጋ ከካዛንቺስ በእግር ነው፤ ፍተሻም አለ። አምና የአራት ዓመቷ ልጃችን ደመራው ሳይለኮስ አባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰፈር ከሆነ ደጃፍ ላይ ነው፣ ሲደክማት ይዞ መግባት ነው።

ወጪ፦ አደባባይ ውሃና ቆሎ ይበቃል። ሰፈር የእንጨትና የድፎ ዳቦ መዋጮ አለ።

ስጋት፦ አደባባይ ላይ ልጅ እንዳይጠፋ ስልክ ቁጥር ጽፌ ኪሷ እከታለሁ። ሰፈር እሳቱ ቅርብ ስለሆነ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው።

ሰፈር ግን አደይ አበባ ያሰረችበትን ችቦ ራሷ ትይዛለች፣ ትልልቆቹ ደመራው ወዴት ወደቀ እያሉ ሲከራከሩ ትሰማለች፣ ጠዋት ደግሞ አመዱን ግንባሯ ላይ በመስቀል ምልክት እንቀባታለን። እኔ ይሄ ያሸንፈኛል።

ልጅ ትንሽ ከሆነ ሰፈር። ከፍ ካለ ወይም ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካለ አደባባይ፣ ግን በጊዜ መግባት ነው።